የቦረና ኮርማ ገዝቶ ማደለብ፦ ከገበያ እስከ ሽያጭ

ለማድለብ የቦረና ከብት ግዙ ሲባል ብዙ ሰው ቁመቱንና ነጣ ያለ ቀለሙን ነው የሚያየው፣ ዋናው ነገር ግን አጥንቱ ነው። ይሄ ዘር ያቤሎ፣ ዱብሉቅ፣ ሞያሌ አካባቢ ሙቀቱን ችሎ ረጅም መንገድ እየሄደ፣ በበጋ ሁለት ሶስት ቀን ውሃ ሳያገኝ እየቆየ የሚያድግ ስለሆነ ሰውነቱ ትልቅ ሆኖ ስጋ ሳይዝ ይቆይና መኖ ሲያገኝ ቶሎ ይሞላል። የኬንያ ራንቾች (ትልልቅ የከብት እርባታዎች) ከዚሁ ዘር መርጠው ያራቡት፣ ቦራን የሚባለው ከብት ዛምቢያና ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄዷል፣ እኛ ጋ ግን አሁንም ብዙው በአይን ግምት ነው የሚሸጠው።

ስለዚህ መጀመሪያ ግዢው ላይ ነው መጠንቀቅ፣ ትርፉ እዛ ነው ያለው። የወፈረ አትግዙ፣ ሌላ ሰው ላበላው መኖ ነው የምትከፍሉት። ከሳ ያለ ግን ወገቡ ረጅም፣ ደረቱ ሰፊ፣ እግሩ ወፍራም፣ አይኑ ንቁ የሆነ ፈልጉ። ደላላው "ገና ወጣት ነው" ቢላችሁም አፉን ከፍታችሁ ጥርሱን እዩ፣ ከታች ፊት ለፊት ሁለት ወይ አራት ትልልቅ ጥርስ ያወጣው ጥሩ ነው፣ ስምንቱንም የጨረሰ ለማደግ ጊዜው አልፏል፣ የሚይዘው ስብ ነው። ለሃጩን የሚያዝረበርብ ወይ የሚያነክስ ካያችሁ አፍተግር (የአፍና የእግር በሽታ) ሊሆን ስለሚችል እለፉት፣ ዋጋው ቢረክስም።

ከያቤሎ ወደ አዳማ ወይ ሞጆ በአይሱዙ የመጣ ከብት ደክሞ ኪሎ ቀንሶ ነው የሚወርደው፣ የመጀመሪያውን ቀን ውሃና ድርቆሽ ብቻ። ከሌሎቹ ለይታችሁ ሁለት ሳምንት ያህል አቆዩት፣ ሀኪም አይቶት የትል መድሃኒት ይውሰድ፣ የአባ ሰንጋ፣ የአባ ጎርባና የጎርርሳ ክትባትም እንደ ሀኪሙ ምክር።

አሁን መኖው። ብዙ ሰው የሚከስረው ቶሎ እንዲደልብ ብሎ በመጀመሪያው ሳምንት ፉርሽካ ሲቆልልለት ነው፣ ሳር ብቻ የለመደ ጨጓራ ያንን አይችልም፣ ሆዱ ይነፋል ወይ ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዴም ይሞታል። በቀን በ1 ኪሎ ጀምሩና በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ወደ 4 ኪሎ አሳድጉት፣ ሶስት እጅ ፉርሽካ አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው) ትንሽ ጨው ያለበት ድብልቅ ይበቃል፣ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ። ጭድ ወይ ድርቆሽ ከፊቱ እንዳይጠፋ። በደረቅ ሲሰላ (መኖው ውስጥ ያለው ውሃ ሳይቆጠር) በጠቅላላው የክብደቱን 2.5 እስከ 3 በመቶ ይበላል፣ 250 ኪሎ ለሆነ ኮርማ ከ6 ኪሎ ከሩብ እስከ 7 ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው። ውሃ ቦረና እያለ ስለቻለ እዚህም ይችላል ብላችሁ እንዳትቆጥቡ፣ ውሃ ያጣ ከብት መኖም አይበላም። በየ15 ቀኑ ደረቱን በሜትር ለኩት፣ ሁለቴ ተከታትሎ ካልጨመረ ሀኪም ጥሩ ወይ ሽጡት፣ ማስታመም መኖ ማባከን ነው።

90 ቀን ገደማ ይበቃዋል። ለአረብ አገር የሚልኩት ነጋዴዎች ወጣትና ያልተኮላሸ ኮርማ ነው የሚፈልጉት፣ የበአል ገዢ ደግሞ የሰባ ሰንጋ፣ ስለዚህ ለማን እንደምትሸጡ ከመግዛታችሁ በፊት ወስኑ። ለፋሲካ ካሰባችሁ ጥር ላይ ግዙ፣ ሁዳዴ መሀል የደረሰ ከብት ገዢ አያገኝም፣ ቆሞ መኖ ይበላባችኋል። ስትሸጡ ሚዛን ያለበት ቦታ ካለ በኪሎ ተነጋገሩ፣ የቦረና ኮርማ ከመልኩ በላይ ይመዝናል።