ኮላጁ ሲሸበሸብ፣ ሲደበዝዝ፣ ሐሳብ ሲጠፋ

ነገሬ ስለ ኮላጅ ነው፣ ወረቀት እየቆራረጡ በመለጠፍ ስለሚሠራው ሥዕል። መቀስ አያያዝና ወረቀት አቆራረጥ እዚህ የለም፤ ያንን ታውቁታላችሁ። እኔ ጋ ይዘዋቸው ከሚመጡት ሥራዎች አብዛኛዎቹ አንድ ዓይነት በሽታ አለባቸውና ከእሱ ልጀምር።

ወረቀቱ ተሸበሸበ፣ አረፋ ያዘ

ሁሉም በኮላው ያላክካል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ከትልቅ ዕቃ እየተቀነሰ የሚሸጠው ነጭ ኮላ ውሃ ተጨምሮበት ወተት የሚመስልበት ጊዜ አለ። በሁለት ጣት አሽታችሁት ካልተሳበ አትግዙት። ዋናው ጥፋት ግን ከችኮላ ነው የሚመጣው። ወረቀት ቃጫ ነው፣ ቃጫ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ የሚያብጠው ደግሞ በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው። ደረቁን ወረቀት ኮላ ቀብታችሁ ወዲያው ካርቶን ላይ ስትመቱት፣ ከተለጠፈም በኋላ መስፋቱን ይቀጥላል። መሄጃ ስለሌለው ወደ ላይ ይነሳል።

ስለዚህ ሰፍቶ ይጨርስ፣ ከዚያ ለጥፉት። ጋዜጣ ወይም ስስ ወረቀት ከሆነ ጀርባውን በረጠበ ስፖንጅ አበስ አድርጉና ሁለት ሦስት ደቂቃ ተዉት። መጀመሪያ ይጠቀለላል፣ ቆይቶ ራሱ ይተኛል። ሲተኛ ኮላ ቀቡት፤ እንደ ገንፎ ሳይሆን እንደ አጥሚት። ካርቶኑንም ቀቡ። ከመሃል ወደ ዳር በመዳፋችሁ ወይም በጠርሙስ እያንከባለላችሁ አየሩን አስወጡ፤ ከዳር የጀመረ ሰው አየሩን መሃል ላይ ቆልፎበታል። ከዚያ ላስቲክ፣ ጣውላ፣ ክብደት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ላስቲኩን አንስታችሁ በደረቅ ጨርቅ ተኩት፣ አለዚያ እርጥበቱ ታፍኖ ይሻግታል። እስከ ነገ ጠዋት አትንኩት። «ትንሽ ልየው» ማለት ክልክል ነው።

የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ፊቱ ስለተለበጠ ውሃ የሚጠጣው በዝግታ ነው፤ እሱን ብዙ አታርጥቡት።

ፀሐይ ላይ አታድርቁ። አንዲት ተማሪዬ የሦስት ሳምንት ሥራዋን በረንዳ ላይ አውጥታው ቡና ልትጠጣ ገባች። ሁለተኛው ጀበና ሳይወርድ ጠርዙ በሙሉ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቅልሎ ቆያት። በፀጉር ማድረቂያም አትሞክሩት፣ ያው ፀሐይ ነው።

አረፋው ከደረቀ በኋላ ከታየ በከተር ጫፍ ቀጭን ሰንጥቁ፤ ከፋርማሲ በተገዛ ሲሪንጅ የቀጠነ ኮላ ጨምሩበትና ተጫኑት። ሽብሽቡ ከባድ ካልሆነ ካውያ ይሠራል፣ ነጭ ኮላ ሙቀት ሲያገኝ ይለሰልሳልና። ሙቀቱ ዝቅተኛ፣ መሃሉ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት፣ ካውያው በምንም ምክንያት ሥራውን በቀጥታ እንዳይነካ! ይህን ሦስት ጊዜ የነገርኩት ልጅ ካውያውን ፎቶ ኮፒ ላይ አሳረፈው። ጥቁሩ ቀልጦ ካውያው ላይ ቀረ፤ በማግስቱ እናቱ ነጠላቸውን ሲተኩሱበት ማኅተም ተመታበት።

የጭቃ ቤታቸውን ግድግዳ በጋዜጣ የለበጡ እናቶች ይህን ሁሉ ያለ አስተማሪ ያውቁታል፦ የዱቄት ሙጫ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ከመሃል ወደ ዳር። (የዱቄት ሙጫ ግን በረሮ ይጠራል።)

ካርቶኑ ተቆለመመ

ፊቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሲደርቅ እየተኮማተረ ስለሚስበው ነው። ጀርባው ላይም ተመሳሳይ ወረቀት ለጥፉ። ለትልቅ ሥራ ኮምፔንሳቶ።

ቀለሙ ፈሰሰ፣ ደበዘዘ፣ ቢጫ ሆነ

የፈሰሰው በኢንክጄት፣ ማለትም ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ማተሚያ፣ የታተመ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ በሌዘር አሳትሙ። ጋዜጣ ቢጫ የሚሆነው ከእንጨቱ ያልወጣው ሊግኒን የሚባል ነገር ብርሃንና አየር ሲያገኘው ነው፤ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ በጥሩ ነጭ ወረቀት ኮፒ አድርጋችሁ ኮፒውን ቁረጡ። የሱፐርማርኬት ደረሰኝ በሙቀት የታተመ ስለሆነ ጽሑፉ ይጠፋል። ፕላስተር ይቢጫል። ማስቲሽ ለጫማ ነው።

ፎቶግራፍን በሚመለከት አንድ ነገር፦ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ያለውን ፎቶ አትቁረጡ። የአያቱን ብቸኛ ፎቶ ቆርጦ «ጥሩ ወጣልኝ» ብሎ ያሳየኝ ሰው አለ። ምን እንደምለው ጠፋኝ። ኮፒ የሚያወጣው ገንዘብ ከማኪያቶ ያንሳል።

ሐሳብ አልመጣልኝም

ባዶ ካርቶን ፊት ቁጭ ብሎ ሐሳብ የሚጠብቅ ሰው ሐሳብ አይመጣለትም። በኮላጅ ሐሳቡ ያለው ክምሩ ውስጥ ነው። ጀርመናዊው ሠዓሊ ኩርት ሽቪተርስ በከተማው በሃኖቨር የትራም ቲኬትና የተጣለ መጠቅለያ ይለቅም ነበር፤ በ1919 እ.ኤ.አ. «ኮሜርትስ» ከሚል የባንክ ማስታወቂያ ተቆርጣ የቀረችውን «ሜርትስ» የሥራው ሁሉ ስም አደረጋት። የእኛው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ በሰበሰባቸው የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጮች፣ ሽቦዎችና ቁልፎች የሠራቸውን ያየ ሰው ለቀማውና ምደባው የሥራው ግማሽ እንደሆነ ይገባዋል።

እኔ የማዘው መድኃኒት ይህ ነው፦ ለአንድ ሳምንት ምንም አትለጥፉ፣ ልቀሙ ብቻ። የድሮ ካላንደር፣ የሻይ ቅጠል ካርቶን፣ የክብሪት ቀፎ፣ የፖስታ ቴምብር። በርዕስ ሳይሆን በቀለም ለዩዋቸው። ከዚያ ሦስት ወረቀት ብቻ ምረጡ፦ አንድ ጥቁር የሚያመዝን፣ አንድ ገርጣ ያለ፣ አንድ ደማቅ። አራተኛ አይፈቀድም። ሐሳብ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ምርጫ ከመብዛቱ ነው። ያም እምቢ ካለ ሠዓሊው ሃንስ አርፕ እንዳደረገው የቀደዳችሁትን ወረቀት ከላይ ልቀቁትና እንደወደቀበት ተመልከቱት። አብዛኛው ቆሻሻ ነው፤ አንዱ ጥግ ግን በእጃችሁ የማትሠሩት ዓይነት ሆኖ ይገኛል።

ሁሉም ነገር አለበት፣ ግን ምንም አይታይም

በስልካችሁ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሱት። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነ በሽታው ያ ነው፤ ቀለም ቢለያይም ድምቀቱ እኩል ነው። አንድ ሰፊ ጥቁር ወይም አንድ ሰፊ ባዶ ቦታ አስገቡ። ባዶ ቦታ የምትፈሩ ሰዎች አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። የጋዜጣ ርዕስ ሙሉውን ከለጠፋችሁ ተመልካቹ ማንበብ ይጀምራል፣ ሥዕሉን ይረሳል። ፊደሉን ገልብጡት ወይም ወገቡ ላይ ቁረጡት፤ «ሐ» ግማሿ ብቻ ስትታይ ቅርጽ ትሆናለች።

ኮላ ከመክፈታችሁ በፊት ያለ ኮላ ደርድራችሁ አሳድሩት፣ ፎቶ አንሱት፣ ጠዋት ፎቶውን ገልብጣችሁ እዩት። በየቁርጥራጩ ላይ የቡና ስኒ አስቀምጡበት፣ መስኮቱንም ዝጉት። እኔ አንድ ሐምሌ ማታ ሳልዘጋው ተኝቼ ጠዋት ድርደራዬን ከአልጋ ሥር ስለቅም ነበር፤ ፎቶም አላነሳሁትም።