ሰሙ ሳቅ፣ ወርቁ ፍንጭ፦ በጣና ዳር የሚያስቅ የምርመራ ልብወለድ እንዴት ይጻፋል?

ፈረንጆች «ኮዚ ሚስትሪ» የሚሉት የልብወለድ ዓይነት ደም ሳያሳይ እስከ መጨረሻው ገጽ «ማን ይሆን?» እያሰኘ የሚሄድ ነው። የሚመረምረው ፖሊስ ሳይሆን ሰፈሩን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ተራ ሰው ነው። ወንጀሉ የሚፈጸመው ሁሉም በሚተዋወቅበት ቦታ ነው፤ በመጨረሻ እውነቱ ይወጣና ሰፈሩ ወደ ቡናው ይመለሳል። አንባቢ ሌሊት አልጋው ላይ ሆኖ ሊያነበው ይችላል፤ አያስፈራውም፣ ግን አያስተኛውም። ቀልድ ሲጨመርበት ደግሞ የሰፈር ወሬን ደስታ ማንንም ሳይጎዳ ይሰጠዋል።

ይህን ዓይነት መጽሐፍ ባሕር ዳር ላይ ሊጽፍ የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝ። በቅኔ ላይ ላዩን የሚሰማው ሰም፣ ከሥር የተቀበረው ወርቅ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚሸከመው ኅብረ ቃል ነው። በሚያስቅ የምርመራ ልብወለድም ሰሙ ቀልዱ፣ ወርቁ ፍንጩ ነው። የሚስቅ አንባቢ አይጠረጥርም፤ ስለዚህ ፍንጭ የሚደበቀው ሳቁ ውስጥ ነው። ቀልዱን እንደ ሚጥሚጣ ከላይ የነሰነሰ ደራሲ መደበቂያውን አባክኗል።

ወንጀሉ

በእንግሊዝኛው ወግ ወንጀሉ አብዛኛውን ጊዜ ግድያ ነው፤ አስከሬን በተገኘ ማግስት ሰዎች ሻይ እየጠጡ ይቀልዳሉ። እኛ ዘንድ ይህ አይሆንም። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሰፈሩ በሙሉ ለቅሶ ይቀመጣል፤ በዚያ መሐል የሚቀልድ ገጸ ባሕርይ ወዲያው ይጠላል። ግድያ ካስፈለጋችሁ ለቅሶውን በሙሉ ክብሩ ጻፉት፤ ቀልዱንም ቢያንስ እስከ ሰልስት አቆዩት። ለመጀመሪያ መጽሐፍ ግን ስርቆት፣ የዕቃ መጥፋት ወይም ማጭበርበር ይሻላል።

አንድ ምሳሌ እንያዝ፤ እስከ መጨረሻው ይጠቅመናል። ሠርግ በቀረበበት ሳምንት የእድሩ ትልቁ ሰታቴ ከዕቃ ቤቱ ጠፋ። በሩ አልተሰበረም። ቁልፉ ሦስት ነው፤ አንዱ በሊቀ መንበሩ፣ አንዱ በጸሐፊዋ፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ እጅ። ሰፈሩ በሰታቴው ይጨቃጨቃል፦ ስንት እንደተገዛ፣ ማን ወጥ አሳርሮበት ታቹ እንደጠቆረ፣ ማን ተውሶ በጊዜው እንዳልመለሰ። ሰታቴው ውስጥ ግን ከእድሩ ገንዘብ ማን ምን ያህል እንደተበደረ የተጻፈበት አሮጌ ደብተር ይቀመጥ ነበር። ሌባው የፈለገው ደብተሩን ነው፤ እሱን ብቻ ቢወስድ ማንነቱ በአንድ ቀን ይታወቅበታል፤ ስለዚህ ሰታቴውን አብሮ አጠፋው። አንባቢው ደብተሩን ገና በምዕራፍ 1 አንድ ጊዜ ማየት አለበት፤ ለምሳሌ ገንዘብ ያዡ ሰታቴውን በጭልፋ መታ መታ አድርጎ «ባንካችን ይኸው፤ ዘበኛ አይፈልግ፣ ወረፋ የለው» ብሎ ሲፎክር።

የሌባው ምክንያት ለሰው የሚገባ ይሁን። በምሳሌያችን ሌባው ሊቀ መንበሩ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ልጅነታቸውን ደቅ ደሴት ላይ ያሳለፉ። ከእድሩ የተበደሩትን መመለስ አቅቷቸዋል፤ ስማቸው ለጉባኤ ከሚነበብ ሌባ መሆንን መርጠዋል። እንዲህ ያለውን ጥፋት አንባቢ ይቀጣዋል፣ ግን ያዝንለታል፤ ሰፈሩም ከመጽሐፉ በኋላ አብሮ መኖር ይችላል።

ሐይቁን ለጌጥ ብቻ አታስገቡት

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ለደራሲ የሚጠቅመው ስፋቱ ሳይሆን ጠባዩ ነው። ጠዋት ይረጋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ይናወጣል፤ ጀልባዎችም ለዚህ ጠዋትን ይመርጣሉ። ተጠርጣሪው «ከምሳ በኋላ በታንኳ ደቅ ደርሼ ለእራት ተመለስኩ» ካለ ሐይቁን የሚያውቅ አንባቢ ውሸቱን ወዲያው ይይዘዋል። አውቃችሁ ከጻፋችሁት ግሩም ፍንጭ ነው። ሳታውቁ ከጻፋችሁት ግን አንባቢው ከዚያ ገጽ በኋላ አያምናችሁም።

ጀማሪዎች ደጋግመው የሚስቱት ዘጌን ነው። ዘጌ ልሳነ ምድር ናት፤ በየብስም ይደረስባታል። «ጀልባው ሄዷል፣ እስከ ነገ ማንም አይወጣም» የሚል ሴራ እዚያ አይቆምም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ደቅን የመሰለ ደሴት ያስፈልጋል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የተባሉት የደሴት ገዳማት ደግሞ ሴት አይገባባቸውም። መርማሪያችሁ ሴት ከሆነች ጀልባው ላይ ቀርታ ወንድሟን ትልካለች፤ እሱም የተላከበትን ግማሹን ረስቶ ስለ ጸበሉ እያወራ ይመለሳል። የረሳው ግማሽ ዋናው ፍንጭ ቢሆን ሳቁና ምርመራው በአንድ ጀልባ መጡ ማለት ነው። ገዳማቱን ራሳቸውን ግን የወንጀል ቦታ አታድርጓቸው፤ አንባቢው ይቀየማል፣ ልክም ነው።

አሁን ታንኳዋን ጠጋ ብለን እንያት። ታንኳ ውኃ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ትታሰራለች። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ከሥራ በኋላ ከውኃ ወጥታ ካልደረቀች ትከብዳለች፣ ቶሎም ትበሰብሳለች። በየዳርቻው ቆማ የምትታየው ለዚህ ነው። ከዚህች እውነት ፍንጭ እንዲህ ይሠራል፦

ሁለቱ ጎረምሶች ታንኳዋን ከግንቡ አላቅቀው ተሸከሟት። ሦስት እርምጃ ሳይሄዱ የኋለኛው ጉልበቱ ከዳውና አወረዷት። አያ ሞላ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ከደጃፋቸው ሆነው ሳቁባቸው።
«ትናንት ገበታው ላይ እንዲህ አልነበራችሁም! ያን ጊዜ የሚያነሣችሁ ነው የጠፋው።»
«ኧረ አያ፣ እሷ ናት የከበደችው» አለ አንዱ እያለከለከ።
«እሷማ ምን በልታ ትከብዳለች? ይልቅ ሆድህን አስቀምጠህ ተሸከም!»
ከጓዳ ባለቤታቸው «አንቱ፣ መድኃኒትዎን ሳይውጡ ሰው ይሳደባሉ?» ብለው ተጣሩ።

አንባቢው በተረቡ ይስቃል፤ ታንኳዋ ለምን እንደከበደች አይጠይቅም። ከሦስት ገጽ በፊት ግን አያ ሞላ በወባ አራት ቀን እንደተኙና ታንኳዋን የነካት ሰው እንደሌለ ተነግሮታል። አራት ቀን የደረቀች ታንኳ ሁለት ጎረምሳ አታንበረክክም፤ ሌሊት ውኃ ላይ ነበረች፤ ሰታቴውም በእሷ ሄዷል። አሠራሩን ልብ በሉ። እውነታው ቀድሞ፣ ያለ ቀልድ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል። ፍንጩ ቀልዱ መሐል ይቀመጣል። ወዲያው ሌላ ወሬ ይገባል፤ እዚህ የባለቤታቸው ቁጣ ገባ። ይህ ሦስተኛው ከተረሳ አንባቢው ከሳቁ በኋላ ቆም ብሎ ያስባል፣ ሁሉ ነገር ይገለጥበታል።

ግሱ ሌባውን እንዳያጋልጥ

ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት ሙያውን የተማረ ሰው አማርኛ ላይ ሲደርስ የሚሰናከልበት ትልቁ እንቅፋት ግስ ነው። እንግሊዝኛው ግስ ጾታ አይለይም። በአማርኛ ምስክሩ «ሲሮጥ አየሁ» ካለ ወንድ ነው፣ «ስትሮጥ» ካለ ሴት ናት፤ በአንድ ፊደል የተጠርጣሪዎቹ ግማሽ ነጻ ይወጣሉ። አንደኛው ማምለጫ ተገብሮ ግስ ነው፤ «በሩ ሲከፈት ሰማሁ»። ሌላው ምስክሩ ሰውየውን ሳይሆን ኮቴውን ወይም የባትሪውን መብራት እንዲያይ ማድረግ ነው። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ከመጠን ሲያልፉ ግን ዓረፍተ ነገሩ መሸሹ ይታወቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው የአክብሮት ግስ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ማታ ከእድሩ ዕቃ ቤት ሲወጡ አየሁ» ይላል። ሰፈሩ በሙሉ ሌቦቹ ብዙ ናቸው ብሎ ይደመድማል፤ ምክንያቱም ያን የሚያህል ሰታቴ አንድ ሰው አይሸከመውም። ልጁ ግን ሰው ያየው አንድ ነው፤ በሥርዓት ስላደገ «ሲወጡ» አለ። «ሲወጡ» ብዙም ነው፣ አንድ የተከበሩ ሰውም ነው፤ ወንድም ሴትም ይሆናል። ኅብረ ቃል ማለት ይኸው ነው፤ ይህን ፍንጭ እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ አይቻልም፤ ስለዚህ የራሳችን ሀብት ነው።

ፍትሐዊ እንዲሆን ልጁ አስቀድሞ በዚሁ ግስ መሰማት አለበት። ምዕራፍ 2 ላይ ልጆቹ በተከለከለ ግቢ ኳስ ሲጫወቱ እሱ ዘብ ይቆማል፤ ድንገት «መጡ! መጡ!» ብሎ ይጮኻል፤ ሁሉም አጥር እየዘለለ፣ ጫማውን እየጣለ ይበተናል፤ በበሩ የሚገቡት መምህሩ ብቻቸውን ናቸው። አንባቢው በሽሽቱ ይስቃል፤ በልጁ አፍ «መጡ» አንድ ሰው መሆኑን ግን አይቷል። መርማሪዋ በመጨረሻ ይህን ስታስታውስ አንባቢው ገጹን ወደ ኋላ ገልጦ ያገኘዋል።

የሰዓት አቆጣጠራችን ከፈረንጆቹ በስድስት ሰዓት መለያየቱም ፍንጭ ይሆናል፤ ብዙ ሰው የሚጠብቀው ስለሆነ ለማሳሳቻ እንጂ ለዋናው መፍቻ አታድርጉት።

የት ይጠየቃል?

መርማሪዋ ሰው ጠርታ መመርመር አትችልም፤ ቡና ግን መጥራት ትችላለች። ቡናው ሦስት እርከን ስላለው ለትዕይንት የተሰፋ ያህል ይመቻል። በአቦል ሁሉም የሚታወቀውን ይናገራል፤ እዚህ ቀልዱን ልቀቁት። በቶና ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር ለየብቻ ያወሩታል፣ አንድ ዝርዝር አይገጥምም። በረካ ቀጥኖ ሲመጣ ግማሹ ሰው ለመሄድ ነጠላውን ያስተካክላል፤ ዋናው ነገር የሚያመልጠው ያን ጊዜ፣ በቁም ነው። ስኒ አጣቢዋን ልጅ አትርሷት፤ ሁሉን ትሰማለች፣ ማንም አያያትም።

ቡናው ግን በአንድ መጽሐፍ ከሦስት ጊዜ አይብለጥ። ሌላውን ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ ባጃጅና ወደ ወፍጮ ቤት ውሰዱት። ወፍጮ ቤት በተለይ ለቀልድ የተፈጠረ ነው፦ በጩኸቱ ምክንያት ሰው ምስጢሩን የሚነግረው እየጮኸ ነው፤ ወፍጮው ድንገት ሲቆም የመጨረሻዋ ቃል ለሁሉም ትሰማለች።

ልኩ

ለመጀመሪያ መጽሐፍ 40,000 ቃል ገደማ ይበቃል፤ 22 ምዕራፍ፣ እያንዳንዱ 1,800 ቃል አካባቢ። ወንጀሉ እስከ ምዕራፍ 3 ይፈጸም። ተጠርጣሪ አምስት ይሁን፤ ከሦስት ካነሰ ግምት ይቀላል፣ ከስድስት ካለፈ አንባቢው ስም ያምታታል። እውነተኛ ፍንጭ ሦስት፣ ማሳሳቻም ሦስት ይበቃል። ማሳሳቻ የሆነው ሁሉ የራሱ መልስ ይኑረው፦ ገንዘብ ያዡ ሌሊት ሲንጎራደድ የታየው ምስጢር ስላለው ነው፣ ምስጢሩ ግን ሌላ ነው፤ ለሚስቱ ሳይነግር ማንበብ እየተማረ ነበር እንበል።

እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለምርመራ ልብወለድ አሥር ደንቦች አውጥቶ ነበር። ዛሬም የማይነኩት ሁለቱ ናቸው፦ ጥፋተኛው ከታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ መጠቀስ አለበት፤ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ አንባቢው ወዲያው ማየት አለበት። «መርማሪዋ አንድ ነገር አየችና ፈገግ አለች» ብሎ ምዕራፍ መዝጋት ማታለል ነው።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች

አንደኛው የሳቁ አቅጣጫ ነው። ማዕረግ በሚወድ ሊቀ መንበር፣ ተውሶ በማይመልስ ሀብታም፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ላይ ሳቁ። ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት ነገደ ወይጦዎች ብዙ ንቀት የደረሰባቸው ናቸው፤ በቀላሉ ተጠርጣሪ ወይም መሳቂያ ማድረግ ያንን ንቀት መቀጠል ነው። የባለሙያውን እጅ አሳዩ፤ ታንኳዋ ሌሊት መሥራቷን ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ያምራል።

ፖሊሱን ደደብ ማድረግም የተለመደ ስንፍና ነው። ፖሊሱ ብልህ ይሁን፤ ግን ለአንድ ሰታቴ ጊዜ የለውም፣ ያ ይበቃል።

ሌላው መግለጫው ምዕራፍ ነው። እስከዚያ ሲያስቅ የነበረ ደራሲ እዚያም መቀለድ ያምረዋል። መርማሪዋ ሦስቱን ፍንጮች ስትዘረዝር ቀልዱ ይቁም፤ መምህሩ አንገታቸውን ሲደፉ ማንም አይሳቅ። ሳቁ የሚመለሰው በሚቀጥለው ምዕራፍ፣ ሰታቴው ከደንገሉ መሐል ተገኝቶ ዶሮ ሰፍራበት ሲመጣ ነው።

ረቂቁ ሲያልቅ ለሦስት ሰዎች ስጡ፤ ከሦስቱ አንዱ ሐይቁን ጠንቅቆ የሚያውቅ ይሁን። ምዕራፍ 18 ላይ አስቁማችሁ «ማን ነው? በምን አወቅህ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን ጻፉ። ሦስቱም ካወቁ የታንኳዋን ወይም የ«መጡ»ን ትዕይንት በሌላ ቀልድ ሸፍኑ። ማንም ካላወቀ ጨርሰው እንዲያነቡ አድርጉና «ይህን እኮ አይቼው ነበር!» ይሉ እንደሆነ አዳምጡ። ካላሉ ፍንጩ በጣም ቀጥኗል፤ ወደ ምዕራፍ 2 ተመለሱና ልጁ አንድ ጊዜ ጨምሮ «መጡ!» ብሎ ይጩኽ።