ፎንት ከተጫነበት በኋላ ደርቆ የቀረ ኪንድል

ኪንድሉ፣ ማለትም የአማዞን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያው፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚያነበውን ልጅ ምስል እያሳየ ደርቆ ቀርቷል። ወይም ይከፈትና መጽሐፍ ስትነኩ መልሶ ይጠፋል። ይህ የመጣው የአማርኛ ፎንት (የፊደል ቅርጽ ፋይል) ከጫናችሁ በኋላ ከሆነ አይዟችሁ፣ ዕቃው አልሞተም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው አንድ ፎልደር ውስጥ ነው። ብቻ ፋክተሪ ሪሴት ለማድረግ፣ ማለትም ሁሉን አጥፍታችሁ እንደ አዲስ ለማስጀመር አትቸኩሉ። የገዛችሁት መጽሐፍ ተመልሶ ይወርዳል። በገመድ የጫናችሁት የአማርኛ መጽሐፍ ግን ጠፍቶ ይቀራል።

መጀመሪያ በደንብ ቻርጅ አድርጉት። ከዚያ ማብሪያውን ተጭናችሁ 40 ሰከንድ ያዙ። ብዙ ሰው አሥር ላይ ይለቅና «እምቢ አለ» ይላል። በስልካችሁ ሰዓት ቁጠሩ። ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ሲነሳ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። ኮምፒውተሩ ካላየው ገመዱን ቀይሩ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ ፋይል የማያሳልፍ ገመድ ሞልቷል።

ከታየላችሁ «ዶክዩመንትስ» የሚለውን ፎልደር ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ አድርጉ። ይህን እባካችሁ አትዝለሉት። ቀጥሎ «ፎንትስ» የሚለውን ክፈቱና የጨመራችሁትን ፎንት በሙሉ አውጡ። በማክ ከሆነ የምትሠሩት፣ ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ድብቅ ፋይሎችም እዚያ ይቀራሉ፤ እነሱንም አጥፉ። ኢጀክት አድርጋችሁ ንቀሉና እንደገና 40 ሰከንድ ያዙ። በሌላ ገመድም በሌላ ኮምፒውተርም ጨርሶ ካልታየ ብቻ ወደ ጥገና ውሰዱት።

ሲነሳ ምክንያቱን ፈልጉ፤ ያው ፎንት ከተመለሰ ችግሩም ይመለሳል። እኔ ለእናቴ ስጭን ከድሮ ኮምፒውተር ሃያ ያህል ፎንት በአንዴ ጠቅጥቄ ነበር። የትኛው እንደጣለው ለማወቅ አንድ በአንድ እየመለስኩ ግማሽ ቀን ሄደ። ለካ አንዱ ሲወርድ ግማሽ ላይ የተቋረጠ ፋይል ነበር። ስለዚህ አንድ ፎንት አስገቡ፣ መጽሐፍ ክፈቱ፣ ጥቂት ገጽ ግለጡ። ከዚያ ሁለተኛውን።

ኪንድሉ ይሠራል፣ ግን አማርኛው አሁንም ሳጥን ሳጥን ነው? የእንግሊዝኛው ጽሑፍስ ወደ ተዘበራረቀ ፊደል ተለውጧል? እንግዲያው የጫናችሁት የድሮ ፎንት ነው። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጡበት የጋራ ሥርዓት፣ ፊደላችንን ያስገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ፎንቶች እንደ «ሀ» ያለውን ፊደል የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ ነበር። መለየቱ ቀላል ነው። ፎንቱን ኮምፒውተር ላይ ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ ክፈቱት። የእንግሊዝኛው ናሙና በግዕዝ ፊደል ከመጣ አትጠቀሙበት።

በምትኩ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ የሚባለው የዩኒኮድ ፎንት ይሁን። ኖቶን ከጉግል ስታወርዱ «ቫሪያብል» የሚለውን ትታችሁ «ስታቲክ» ከሚለው ፎልደር ሬጉላሩንና ቦልዱን ብቻ ውሰዱ። ከዚያ መጽሐፉን ክፈቱና የፊደል መጠን ከምትቀይሩበት ቦታ ፎንቱን ምረጡት። መጽሐፉ ፒዲኤፍ ከሆነ ግን ምንም አይለወጥም፤ ፊደሉ የሚመጣው ከራሱ ከፋይሉ ጋር ነው።