የሠራተኛ ሕክምና ከፍለህ ግብሩ ያልቀለለበት ምክንያት፦ ችግርና መፍትሄ ከድሬዳዋ

ጥቅምት ሲገባ ድሬ በረድ ይላል። የሒሳብ ሰው ግን ያኔ ነው የሚሞቀው። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ (ማኅበራትና ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብር የደረሰ ነጋዴ) ዓመታዊ ማሳወቂያ ጥቅምት 30 ስለሚዘጋ፣ ካርቶን ሙሉ ደረሰኝ ይዞ የማይመጣ የለም። ከዚያ ያው የየዓመቱ ስሞታ ይጀመራል። «ለሠራተኞች ሕክምና ይሄን ያህል ከሰከስኩ፣ ግብሩ ግን ወይ ፍንክች!»

እኔ ስንት እንዳወጣ አልጠይቅም። በምን መንገድ እንዳወጣው ነው የምጠይቀው። የድሬ ልጅ ስለሆንኩ አንቱታ አይሆንልኝም፤ «አንተ» ስል አንቺንም ጨምሬ ነው።

ምልክት፦ የሕክምና አበል ጨመርክ፣ ሠራተኛው ግን «ጎደለ» ይላል

በብዛት የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። ሳቢያን አካባቢ ብየዳ ቤት አለህ እንበል። ለ9,000 ብር ደሞዝተኛ በየወሩ 600 ብር «የሕክምና» ብለህ ጨመርክለት። በወሩ መጨረሻ እጁ የገባው ጭማሪ 450 ብር ብቻ ነው።

መንስኤው፦ ስሙን ምንም በለው፣ ታመመም አልታመመም በየወሩ የሚከፈል ቁርጥ ብር ደሞዝ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከተሻሻለው ሠንጠረዥ ከ7,001 እስከ 10,000 ብር ያለው እርከን 25 በመቶ ይቆረጥበታል። ከ600ው 150 ብር ሄደ ማለት ነው። በዓመት 1,800 ብር።

በሌላ በኩል የገቢ ግብር አዋጁ (979/2008) ከሥራ ግብር (ከደሞዝ ላይ ከሚቆረጠው ግብር) ነፃ ካደረጋቸው ክፍያዎች አንዱ፣ አሠሪ ለተቀጣሪው ሕክምና የወጣውን ትክክለኛ ወጪ ሲሸፍን ነው። «ትክክለኛ ወጪ» የምትለዋን አስምርባት። መታመም አለ፣ መታከም አለ፣ ሒሳብ አለ። አበል ላይ ሦስቱም የሉም።

መፍትሄው፦ ከአንድ ክሊኒክ ጋር የዱቤ ሕክምና ውል ተዋዋል። ሠራተኛው የታመመ ቀን ማኅተም ያለበት የሕክምና መላኪያ ወረቀት ይዞ ይሄዳል፣ ክሊኒኩ በወሩ መጨረሻ አንተን ይጠይቅሃል። ያ ካልተመቸህ ሠራተኛው ራሱ ከፍሎ ደረሰኙን ያምጣ፣ አንተ ተካለት። በሁለቱም መንገድ 7,200 ብር ሕክምና ላይ ቢወጣ የሥራ ግብር አይነካውም።

የራስህን ግብር በተመለከተ ግን አልዋሽህም። አበሉም እንደ ደሞዝ ወጪ ስለሚያዝልህ አንተ ዘንድ ብዙ ለውጥ የለም። የተቆረጠው ከሠራተኛው ነበር፣ የሚያተርፈውም እሱ ነው። አንተ የምታገኘው ሰው ባልታመመበት ወር ብር አለማውጣትህን ነው።

አንዳንዱ ሠራተኛ ይሄን አይወድም። «እኔ አልታመምም፣ ብሬን ስጠኝ» ይላል። በ2011 ክረምት ችኩንጉንያ (ትንኝ የሚያስተላልፈው፣ መገጣጠሚያ የሚይዘው በሽታ) ከተማውን ሲያዳርስ መጋላም ከዚራም ጉልበቱን ይዞ የሚያነክስ ሰው ሞልቶ እንደነበር አስታውሰው። ከዛ አልፎ ደግሞ አበሉ ቀድሞ ውሉ ውስጥ ከገባ በአንድ ወገን አትሰርዘው። ተስማሙ፣ በጽሑፍ ይሁን፣ ይፈርምበት።

ምልክት፦ ደረሰኝ ሞልቷል፣ ኦዲት ላይ ግን ወጪው ውድቅ ሆነ

የምታስተዳድረው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ የንግድ ትርፍ ግብርህ 30 በመቶ ነው። የ60,000 ብር የሕክምና ወጪ ውድቅ ሲደረግ 18,000 ብር ግብር ይመጣብሃል፣ ቅጣትና ወለዱ ሳይቆጠር። ስለዚህ እዚህ ጋ ረጋ በል።

አንድ ጊዜ የአንድ ዳቦ ቤት ካርቶን ከፍቼ ሳይ ግማሹ የሐኪም ማዘዣ ነበር። መድኃኒት መታዘዙን እንጂ መገዛቱን የማይናገር ወረቀት። ሌላው ደረሰኝ ነው፤ የድርጅቱ ስምም ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥርም ግን የለበትም፣ የታካሚው ስም ብቻ። ሌላው ማኅተም የተመታበት ብጣሽ። ባለቤቱ አላጭበረበረም፣ ብሩ በእርግጥ ወጥቷል። ኦዲተር ግን የሚያየው ወረቀቱን ነው።

መፍትሄው፦ ደረሰኙ በድርጅቱ ስምና ቲን ይቆረጥ። ከጀርባው መላኪያ ወረቀቱንና የክፍያ ማዘዣውን ስቴፕል አድርግ። ሠራተኛው በስሙ ያስቆረጠው ከሆነ ብሩን ስትተካለት የተቀበለበትን ሰነድ አስፈርም። ክፍያው በባንክ ይሁን። አንድ ገጽ የሕክምና መመሪያም ጻፍ፤ ማን ይሸፈናል፣ እስከ ስንት ብር፣ የት። ለዘበኛውም ለሥራ አስኪያጁም እኩል የሚሠራ ይሁን። ለአንድ ሰው ብቻ፣ ያውም ለባለቤቱ የአክስት ልጅ የሚከፈል ሕክምና ኦዲተር ዓይን ውስጥ ይገባል።

የሕክምና አገልግሎት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነው። ደረሰኙ ላይ ቫት አላየሁም ብለህ ክሊኒኩን አትጨቅጭቅ።

ወጪው ውድቅ የሆነበት ውሳኔ ቀድሞ ከደረሰህ ቅሬታ ማቅረቢያው 21 ቀን ነው። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተህ አትርሳው።

ምልክት፦ ሁሉም የተሟላ ነው፣ ግብሩ ግን አንድ ብር አልቀነሰም

ደረጃህን እይ። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግለሰብ ነጋዴ በአዲሱ አዋጅ (1395/2017) ደረጃ «ለ» ነው፤ የሚከፍለውም በሽያጩ ላይ ነው። ትርፍ ስለማይሰላ ወጪ የሚቀነስበት ቦታ የለም። ታይዋን ገበያ ውስጥ ያለ ሱቅ የሁለት ሠራተኞቹን ሕክምና ቢከፍል፣ ደረሰኙ ግብሩን አያወርድለትም። ሠራተኞቹ ግን ከሥራ ግብር ነፃ የመሆኑን ጥቅም ያገኛሉ፤ ስለዚህ በአበል ፋንታ ሕክምናውን መሸፈን አሁንም ይሻላል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆንክ ሽያጭህ ቢያንስም ደረጃ «ሀ» ነህ፣ ይሄ አይመለከትህም።

ምልክት፦ የቡድን የጤና መድን ገዛህ፣ ሒሳቡ ተወሳሰበ

ብዙ ጊዜ ችግሩ ዓረቦኑን (የመድኑን ክፍያ) በከፈልክበት ወር ሁሉንም ወጪ ማድረግህ ነው። ሚያዝያ 1 ለአንድ ዓመት ከከፈልክ ለዚህ በጀት ዓመት የሚያዘው የሚያዝያ፣ የግንቦትና የሰኔ ድርሻ ነው። የዘጠኙ ወር ለሚቀጥለው ይተላለፋል።

ሌላው ድርብ ክፍያ ነው። ሠራተኛው ቸኩሎ ካንተ ወሰደ፣ በኋላ መድን ድርጅቱም ከፈለ። ከመድን የተመለሰን ብር ወጪ ብለህ ማስያዝ አትችልም። ማካካሻው ባንተ በኩል እንዲያልፍ ውሉ ላይ አስገባ።

ቤተሰብም አለ። ነፃ የተደረገው የተቀጣሪው ሕክምና ነው። የሚስቱን የወሊድ ወጪ ብትሸፍን ደግ ሠርተሃል፤ ፔሮል (የደሞዝ መክፈያ ዝርዝር) ላይ ግን እንደ ጥቅማ ጥቅም ለይተህ አስገባው።

ምልክት፦ ሥራ ላይ የተጎዳውን ሰው ከሕክምና ጣሪያው በላይ ነው ብለህ መለስከው

ይሄ ከግብር ያለፈ ጣጣ ያመጣል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ሕክምናውን መሸፈን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (1156/2011) ግዴታህ ነው፣ የመመሪያህ ጣሪያ እዚያ አይሠራም። በተራ ሕመም የቀረም የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ይሄ ደሞዝ ስለሆነ የሥራ ግብር ይቆረጥበታል። ከሕክምና ወጪው ጋር አንድ መስመር ላይ አትጻፈው።

ምልክት፦ የራስህ የአዲስ አበባ ሕክምና ውድቅ ተደረገ

በግል ንግድ ፈቃድ የምትሠራ ከሆነ አንተ ተቀጣሪ አይደለህም። የግል ወጪ ነው፣ ከካርቶኑ አውጣው።