የአየር ጉዞን ነገ ሲተነብዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ ቴክኖሎጂ ብቅ ባለ ቁጥር «የአየር ጉዞ ከእንግዲህ እንደ ድሮው አይሆንም» የሚል ትንበያ አብሮት ይመጣል። ትንበያው ሲሳሳት ኪሳራው ከባድ ነው፤ አውሮፕላን የሚታዘዘውም ኤርፖርት የሚገነባውም በእሱ ነውና። (ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ የሚብሰው ክብደትን መርሳት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ስለበዛ አውሮፕላኑም በቅርቡ ይከተላል የሚል አይጠፋም። ሂሳቡ ግን ሌላ ነው። አንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ 12 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ይይዛል። ጥሩ የሚባል የሊቲየም ባትሪ በኪሎ 0.3 ቢደርስ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ኃይል ብዙም ስለማያባክን ልዩነቱ ይጠባል፤ አሁንም ግን ሰፊ ነው። ደግሞ ነዳጅ እየነደደ ሲሄድ አውሮፕላኑ ይቀላል። ባትሪ ቢያልቅም ክብደቱ ያው ነው። ስለዚህ ባትሪ መጀመሪያ የሚነካው አጭር በረራንና ትንሽ አውሮፕላንን ነው።

ቦታን መዘንጋትም ከዚሁ አይርቅም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጅም መንገደኛም ጢም አድርጎ መነሳት ይከብዳል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ የሚመጣው በረራ ሲሄድ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት የሚያርፍበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለባሕር ጠለል የተሰላ ቁጥር ለቦሌ እንዳለ አይሠራም።

ሌላው፣ የሚቻለውን ሁሉ ያዋጣል ብሎ ማሰብ ነው። ኮንኮርድ የተባለው የመንገደኞች አውሮፕላን በ1976 ሥራ ሲጀምር ከድምፅ በእጥፍ ይፈጥን ነበር። ነዳጅ ግን ይጨርስ ነበር። የሚፈጥረው ፍንዳታ መሰል ድምፅ በየብስ ላይ በዚያ ፍጥነት እንዳይበር አሳገደው። አየር መንገዶች ያበረሩት 14 ብቻ ነው፤ በ2003 ቆመ።

የአምራች ማስታወቂያን እንደ ቁርጥ ቀጠሮ አይውሰዱ። ኤርባስ በ2020 የሃይድሮጅን አውሮፕላን በ2035 ይደርሳል ብሎ ነበር። በ2025 ዕቅዱ እንደሚዘገይ አሳወቀ።

ሁሉንም መንገደኛ አንድ አድርጎ ማየትም ያሳስታል። በ2020፣ በኮሮና ምክንያት ስብሰባው በኢንተርኔት ሲሆን፣ ቢል ጌትስ ከሥራ ጉዞ ከግማሽ በላዩ ይቀራል ብሎ ተነበየ። ይህን ሰምተው የአየር ጉዞ ባጠቃላይ አበቃለት ያሉ ነበሩ። በ2024 የዓለም የመንገደኞች ጉዞ ከ2019ኙ በለጠ። ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለበዓል የሚሄድን ሰው ዙም (የኢንተርኔት የቪዲዮ ስብሰባ) አያስቀረውም።

በመጨረሻ፣ ዜና የማይሆነውን ለውጥ አይናቁ። ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ድሮ ከማረፊያ ከ60 ደቂቃ በላይ እንዳይርቅ ይገደድ ነበር። ሞተሮች አስተማማኝ ሲሆኑ በ1985 ገደቡ ወደ 120 ደቂቃ ከፍ አለ፤ በኋላም ጨመረ። ባለአራት ሞተሮቹን ከገበያ ያስወጣው በአብዛኛው ይህ ነው። ባለአራት ሞተሩ ግዙፉ የኤርባስ ኤ380፣ 251 ብቻ ተሽጦ በ2021 ምርቱ ቆመ። ባለሁለት ሞተሩን ቦይንግ 787 ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ ተረከበ።