ውሻው ጨለመ፣ ድመቷ ብዥ አለች፦ የግቢ ፎቶ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በሰበታ ወይም በቱሉ ዲምቱ በኩል የሚኖር ሰው ለፎቶ የሚሆን ነገር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ግቢው ውስጥ ውሻ አለ፣ ድመት አለ፣ ዶሮ አለ፤ ለበዓል የተገዛ በግ ጥግ ላይ ታስሮ ያመሰኳል። አጥሩ ላይ ቁራ ያርፋል፤ ጽጌረዳው ላይ ንብ ትዞራለች፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ አደይ አበባ ባዶውን ቦታ ሁሉ ቢጫ ያለብሰዋል። ችግሩ በዓይን ያየነውና ስልኩ ያስቀረው አለመመሳሰሉ ነው። ብዙ ሰው ያኔ «ካሜራው አይረባም» ይልና አዲስ ስልክ ማሰብ ይጀምራል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የተበላሸውን ፎቶ በጣት አስፍታችሁ እዩት። ምን እንዳበላሸው እዚያው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የስልኩ አይደለም፤ የብርሃኑ ወይም የቆማችሁበት ቦታ ነው።

«ፎቶው ብዥ አለብኝ»

ከሁሉ የሚበዛው አቤቱታ ይኼ ነው። ብዥታ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶው ውስጥ ጥርት ብሎ የወጣ ነገር መኖር አለመኖሩን ፈልጉ።

ግድግዳው፣ ሣሩ፣ የውሃ ሳህኑ ሁሉ ጥርት ብሎ እንስሳው ብቻ ከደበዘዘ፣ እንስሳው ተንቀሳቅሷል፤ ካሜራውም ቀርፋፋ ነበር። ስልክ ብርሃን ሲያንሰው ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ ያቆያል፤ በዚያች ቅጽበት ውሻው ጅራቱን ከቆላ ጅራቱ ይጠፋል። ስልካችሁ ፕሮ ሞድ (ቅንብሩን በእጅ የምታስተካክሉበት የካሜራ ክፍል) ካለው የሹተሩን ፍጥነት ራሳችሁ ወስኑለት፦ ለተቀመጠች ድመት 1/250 ሰከንድ፣ ለሚራመድ ውሻ 1/500፣ ለሚሮጥ ደግሞ 1/1000 ወይም ከዚያ የፈጠነ። ፍጥነቱ ሲጨምር ፎቶው ይጨልማል፤ ይህን አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ በማድረግ ማካካስ ይቻላል። አይኤስኦ ሲበዛ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይወጣል፣ ግን እኔ ነጠብጣብ ያለበትን ጥርት ያለ ዓይን ካማረ ብዥታ እመርጣለሁ። ፕሮ ሞድ የሌለው ስልክ ከሆነ እንስሳውን ከቤት ወደ ደጅ አውጡት፤ ብርሃን ሲበዛ ስልኩ በራሱ ይፈጥናል። የማታ ሞድንና ፖርትሬት ሞድን አጥፉ። የማታ ሞድ ብዙ ፎቶ አንስቶ ስለሚያጋጥም፣ በመሃል የተንቀሳቀሰ እንስሳ ሁለት ጆሮ በአንድ በኩል ይዞ ሊወጣ ይችላል። ፖርትሬት ደግሞ ከበስተኋላ ያለውን ለማደብዘዝ ሲል የድመቷን ጺም አብሮ ይቆርጠዋል።

ምንም ጥርት ያለ ነገር ከሌለና የብርሃን ነጥቦች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተስበው መስመር ከሆኑ፣ የተንቀሳቀሰው እጃችሁ ነው። ክርናችሁን ከጎናችሁ ጋር አጣብቁ፤ በር መቃን ወይም ግንድ ተደገፉ፤ ስክሪኑን በአውራ ጣት ከመንካት ይልቅ የድምፅ ቁልፉን ለስለስ አድርጋችሁ ተጫኑ።

እንስሳው ደብዝዞ ከፊቱ ያለው ሣር ወይም ከኋላው ያለው አጥር ከጠራ፣ ፎከሱ ሌላ ቦታ ሄዷል። ስልኩ የትኛውን እንደምትወዱት አያውቅም፤ ንገሩት። ጣታችሁን የእንስሳው ዓይን ላይ አሳርፉ፤ ብዙ ስልኮች ላይ ጣትን ትንሽ ካቆያችሁት ፎከሱ እዚያው ይቆለፋል። ውሻን፣ በግን፣ አህያን በጣም ቀርባችሁ ስታነሱ አፍንጫው ይጠራና ዓይኑ ይደበዝዛል፤ ፊታቸው ረጅም ስለሆነ ሁለቱ እኩል ርቀት ላይ አይደሉም። አፍንጫው ያለ ልክ ተልቆ የሚወጣውም ከቅርበቱ የተነሣ ነው። ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ብላችሁ ባለ 2 ዙሙን ተጠቀሙ፤ ፊቱ ወደ መልኩ ይመለሳል።

አበባ ወይም ንብ ስትጠጉ ፎከሱ እየሄደ እየመጣ አልይዝ ካለ፣ ሌንሱ ሊያይ ከሚችለው በላይ ቀርባችኋል። ዋናው የስልክ ሌንስ ከተወሰነ ርቀት ወዲህ ጥርት አድርጎ ማየት አይችልም። መጠጋቱን ትታችሁ ራቅ በሉና ዙም አድርጉ።

ሁሉም ነገር ወተት የፈሰሰበት ያህል ነጣ ካለ፣ መብራቱም ዙሪያውን ጨረር ከዘረጋ፣ ሌንሱ ቆሽሿል። ይኼ በእኛ በዳር ሰፈሮች የበረታ ነው፤ አስፋልት ያልገባበት መንገድና የማያልቀው ግንባታ አቧራውን ኪሳችን ድረስ ይልከዋል። መጀመሪያ እፍ ብላችሁ አቧራውን አባሩ፤ ሳታባርሩ ከጠረጋችሁት ሌንሱን ሊጭር ይችላል። ከዚያ ትንሽ ተንፍሱበትና በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጥረጉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ደጅ የቆየ ስልክ እንጀራ ወደሚጋገርበት ማእድ ቤት ሲገባም ሌንሱ ላብ ያወጣል። ያን መጥረግ አይጠቅምም፤ ስልኩ እስኪሞቅ ጠብቁ።

«ጥቁሩ ውሻዬ ዓይንና አፍንጫው አይለይም»

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ጥቁር ውሻ ፎቶ አይወጣለትም የሚል እምነትም አለ። ይወጣለታል። ምክንያቱን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ካሜራ ጥቁርና ነጭ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም፤ ፊቱ ያለውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ለማድረግ ይሞክራል። ጥቁሩ ውሻ ከብሩህ ሰማይ ወይም ፀሐይ ከመታው የቆርቆሮ አጥር ፊት ሲቆም፣ ካሜራው ብሩሁን አይቶ ሁሉንም ያጨልማል፤ ውሻው የጥላ ቅርጽ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ያው ውሻ ስክሪኑን ከሞላ ደግሞ ካሜራው «ጨለመ» ብሎ ያበራዋል፤ ጥቁሩ ፀጉር የነጣ አሮጌ ጨርቅ ይመስላል። ነጭ ዶሮ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ስክሪኑን ከሞላች ግራጫ ሆና ትወጣለች፤ ጥቁር አፈር ላይ ርቃ ከቆመች ደግሞ ላባዋ ሁሉ ተቃጥሎ ነጭ ነጥብ ትሆናለች።

መፍትሄው ሁለት ደረጃ አለው። አንደኛው ስክሪኑ ላይ ነው። እንስሳውን ነክታችሁ የምትወጣዋን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሳቡ። ጥላ ለሆነ ውሻ ወደ ላይ፣ ለነጣ ጥቁር ፀጉር ወደ ታች፣ ለተቃጠለች ነጭ ዶሮ ወደ ታች፣ ግራጫ ለሆነች ወደ ላይ።

ሁለተኛው፣ በእኔ ግምት የሚበልጠው፣ ቦታ መቀየር ነው። ጥቁር ውሻን ከኮባ ቅጠል፣ ከጽድ አጥር ወይም ከጭቃ ግድግዳ ፊት አቁሙት፤ በእሱና ከኋላው ባለው ነገር መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ይጠብባል። ከሁሉም የተሻለው ቦታ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ያለው ነው፦ የበር አፍ። እንስሳው ከደጃፉ ትንሽ ወደ ውስጥ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ውጭ ሲያዞር፣ ፀሐይ ሳይነካው ከሰማዩ ለስላሳ ብርሃን ያገኛል፤ ዓይኑ ውስጥም ትንሽ ብልጭታ ትታያለች። ያቺ ብልጭታ ከሌለች የጥቁር እንስሳ ዓይን ከፀጉሩ ጋር ይዋሃዳል። እናንተ ከውጭ፣ በሩን ሳትጋርዱ ከጎን ሁኑ።

«ቀን በፀሐይ አንስቼ እንኳ አላማረም»

ያላማረው በፀሐዩ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ትወጣለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ቀጥ ብላ ከላይ ትቆማለች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗም ብርሃኑን ያከረዋል። ከላይ የወረደ ብርሃን የእንስሳውን ጀርባ ያቃጥልና ዓይኑን ጥላ ውስጥ ይከተዋል፤ የአበባውንም ቀለም ያጥበዋል።

ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ አንሱ። የማታውን ብርሃን ግን አትዝናኑበት፤ ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ፀሐይ ስትጠልቅ ቶሎ ነው የሚመሽ። በመሃል ቀን ግድ ከሆነ ወደ ጥላ ግቡ። ክረምትን በተመለከተ ሰው «ደመና ነው» ብሎ ስልኩን ያስቀምጣል፤ እኔ ግን ለፀጉር፣ ለላባና ለቅጠል ከሐምሌ ደመና የተሻለ ብርሃን አላውቅም። ጥላው ይለሰልሳል፤ በዝናብ የታጠበው አረንጓዴም ያለ ምንም ማስተካከያ ያምራል። ብርሃኑ ስለሚያንስ ብቻ ቅድም ያልነውን የሹተር ፍጥነት አትርሱ።

በሰማያዊ ሸራ ወይም በአረንጓዴ ፕላስቲክ ጣሪያ ሥር ያለ በግ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ፣ ቀለሙ የመጣው ከጣሪያው ነው። በኋላ በማስተካከያ ለማረም ከመድከም በጉን ከሥሩ ማውጣት ይቀላል።

«ማታ ዓይኑ እንደ ባትሪ አበራ፤ ፎቶው ላይም መስመር ወጣ»

ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የውሻና የድመት ዓይን ከጀርባው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው፤ በጨለማ የሚያዩት በእሱ እገዛ ነው። ፍላሽ ሲመታው አረንጓዴ ወይም ቢጫ ሆኖ ይመለሳል። ፍላሹን አጥፉና የቤቱን መብራት ከጎን አድርጉት።

አግድም የተደረደሩት ጥቁር መስመሮች የሚመጡት ከመብራቱ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ የኤልኢዲና የሸምበቆ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ዓይናችን አያየውም፣ ፈጣን ሹተር ግን ይይዘዋል። በፕሮ ሞድ 1/100 ወይም 1/50 ላይ አድርጉት፣ መስመሩ ይጠፋል። ይህ ፍጥነት ለሚንቀሳቀስ እንስሳ ስለማይበቃ የማታውን ፎቶ ለተኛች ድመት አቆዩት።

«ስልኩን ሳወጣ ይሄዳል»

ከላይ ወደ ታች ቆሞ አፍጥጦ የሚያይ ሰው ለእንስሳ ማስፈራሪያ ነው። መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ስልኩን ከዓይኑ ጋር እኩል አውርዱት፤ ፎቶ ሳታነሱ ትንሽ ቆዩ። ስሙን ደጋግማችሁ አትጥሩት፤ ወደ እናንተ ይመጣና ፎቶው ይበላሻል። አንድ ጊዜ ብቻ አዲስ ድምፅ አሰሙ፤ ጆሮው ቀጥ የሚለው ያኔ ነው። ቁልፉን ተጭኖ በመያዝ፣ በአንዳንድ ስልክ ደግሞ ወደ ጎን በመሳብ፣ ተከታታይ ፎቶ አንሱና በኋላ ምረጡ።

ውሻው ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ ካዛጋ፣ ፊቱን ካዞረ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ከጣለ ተጨንቋል። እዚያ ላይ አቁሙ። ልጆች አንገቱን አቅፈው እንዲነሱ ማስገደድም ይቅር። የሰፈር ባለቤት አልባ ውሾችን ደግሞ ከሩቅ ብቻ አንሱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አለ። ቢነክስ ወይም ቢቧጭር ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ቁስሉ ትንሽ ነው ሳትሉ ወዲያው ጤና ተቋም ሂዱ።

«ወፏ ነጥብ ሆነች»

ስክሪኑ ላይ በጣት እያሰፉ የሚደረግ ዙም ፎቶውን ቆርጦ ማሳደግ ነው፤ አዲስ ዝርዝር አያመጣም። ሌንሱ ከሚሰጠው በላይ አትሂዱ። ወፍን ከመከተል እንድትመጣ ማድረግ ይሻላል። በሰፊ ሳህን ጥልቀት የሌለው ውሃ ግቢ ውስጥ አስቀምጡና መስኮት ጀርባ ወይም በቆመ መኪና ውስጥ ጠብቁ። በበጋ ውሃ ብርቅ ሲሆን ዋኔዎችም ሌሎች ትንንሽ ወፎችም ይለምዱታል። በመስታወት ስታነሱ ሌንሱን ከመስታወቱ ጋር አገናኙት፣ ነጸብራቁ ይጠፋል። በሽቦ አጥር ከሆነም ሌንሱን ቀዳዳው ላይ አስጠጉት።

በእርጥብ ሣር ላይ ቆልማማ ረጅም ምንቃሯን እየወጋች የምትለቅም፣ ጉሮሮዋ ላይ ቆዳ የተንጠለጠለላት፣ ጠዋት ስትበር የምትጮህ ትልቅ ወፍ ብዙዎቻችን ደጅ አለች። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ የማትገኝ ወፍ ናት፤ በየቀኑ ስለምናያት ብቻ ሳናነሳት መቅረቷ ያሳዝነኛል። ቀጥ ብላችሁ አትሂዱባት፤ ወደ ሌላ ቦታ የምትሄዱ መስላችሁ በአግድም ቅረቡ፣ ቀና ካለች ቁሙ። ጎጆ ካያችሁ ግን ለፎቶ ብላችሁ ቅርንጫፍ አትስበሩ፤ የተጋለጠን ጎጆ መጀመሪያ የሚያየው ቁራ ነው።

«አበባው አልቆም አለ»

ለአደይ አበባ ነፋስ ትልቁ ጠላት ነው፤ አገዳው ቀጭን ስለሆነ በትንሹ ይወዛወዛል። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ፣ ነፋሱም ሳይነሳ አንሱ። ከረፈደ አንድ ሰው በነፋሱ በኩል ጋቢ ወይም ካርቶን ዘርግቶ ይከልል፤ ወይም በአንድ እጃችሁ አገዳውን ከታች፣ ፎቶው ውስጥ ከማይገባበት ቦታ ያዙና በሌላው አንሱ። ነፋሱ መሃል መሃል ላይ ፋታ ስለሚሰጥ፣ አበባው ወደ አንድ ጎን ተለጥጦ ሊመለስ ሲል ለአፍታ የሚቆምባትን ቅጽበት ጠብቃችሁ ቁልፉን ተጫኑ።