አውሮፓን በባቡር፣ ከቤተሰብና ከጓደኛ ጋር

መጀመሪያ የማለፊያ ትኬቱን፣ ማለትም በአንድ ትኬት በብዙ አገር ባቡር የሚያሳፍረውን፣ ለዩ። አውሮፓ ነዋሪ የሆነ ኢንተርሬይል፣ ከአውሮፓ ውጭ የሚኖር ዩሬይል ይገዛል፤ ቡድናችሁ የተቀላቀለ ቢሆንም አብሮ ከመጓዝ አያግድም። ከ4 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች በነጻ ይሄዳሉ፣ ለአንድ አዋቂ እስከ 2 ልጅ። ግን ለልጁም በስሙ ማለፊያ መውጣት አለበት።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ወንበር ማስያዝ ላይ ነው። ማለፊያው ብቻውን በፈጣን ባቡሮቹ፣ በፈረንሳይ ቴጄቬ፣ በስፔን አቬ ወይም በጣሊያን ፍሬቻሮሳ፣ አያሳፍርም፤ ተጨማሪ ከፍሎ ቦታ መያዝ ግዴታ ነው። ቴጄቬና ለንደንን ከፓሪስ የሚያገናኘው ዩሮስታር ለማለፊያ ያዦች የሚመድቡት ወንበር ውስን ስለሆነ፣ አምስት ስድስት ሆናችሁ በመጨረሻ ሰዓት ብትፈልጉ ጭራሽ ላታገኙ ትችላላችሁ። ጀርመን፣ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ውስጥ ግን አብዛኛው የቀን ባቡር ይህን አይጠይቅም። ልጅና አዛውንት ላለበት ቡድን ከሙኒክ በሳልዝበርግ ወደ ቪየና የሚወስደውን መስመር እንመርጣለን።

እያንዳንዱን ጉዞ ከመሳፈራችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ባለው የማለፊያው መተግበሪያ አስገቡ፤ ያለዚያ ቅጣት ሊከተል ይችላል። የሌሊት ባቡር የሚቆጠረው በተነሳበት ቀን ነው፤ በማግስቱ ሌላ ባቡር ካልያዛችሁ ከማለፊያው የጉዞ ቀናት አንዱ ይበቃል። ፓሪስ ላይ ስትቀይሩ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ተዉ፤ ከለንደን የሚመጣው ባቡር «ጋር ዱ ኖር» በተባለው ጣቢያ ይቆማል፣ ወደ ሊዮን የሚሄደው ከሌላው ጣቢያ ከ«ጋር ደ ሊዮን» ይነሳል።